የጥንቱን የግሪክ ኪነ ሕንፃ ከሦስቱ የዓምድ ስሞች አልፈን እንዴት እናስተምር?

የታሪክ መምህር ከደሴ

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች፤ እንደምን ከረማችሁ? የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። የጥንት ግሪክ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር የሚያስቆጨኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ተማሪዎቼ ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያን የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ፈተና ላይ ሥዕሉን አይተው ስሙን ይጽፋሉ፣ ማርካቸውን ያገኛሉ። «ዓምዶቹ ለምን እንዲህ ተጠጋግተው ቆሙ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። «ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ አሜሪካኖች የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውን ፊት ለምን የቤተ መቅደስ መልክ ሰጡት?» ስል ደግሞ «ስለሚያምር ነዋ» ከሚለው የሚዘል መልስ አላገኝም።

እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ይዘው እንዲወጡ ነው። አንደኛው፣ ሕንፃው ሸክሙን ወደ መሬት እንዴት እንደሚያወርድ። ሁለተኛው፣ በኋላ የመጡ መንግሥታትና ባለሀብቶች ያንን መልክ የመረጡት ምን ሊሉበት ፈልገው እንደሆነ። እነዚህ ሁለቱ ከገቡ የዓምዱ ስም ለመያዝ አያስቸግርም፤ ስሙ ብቻውን ግን ከፈተናው ማግስት ይጠፋል።

ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ፕሮጀክተር የለንም፣ ያለኝም ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ሕንፃዎቹን በዓይናችሁ ያያችሁ ሁሉ፣ እስኪ ሐሳብ አዋጡ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፌሮና አርማታ

መምህር፣ ጥያቄዎ ሙያዬን ነካካውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሳይት ላይ ነው የምውለው፤ ኮለን (የቆመው ዓምድ)፣ ቢም (በዓምዶች ላይ የሚጋደመው ተሸካሚ)፣ ሶሌታ ነው ሥራዬ። የግሪኩም ቤተ መቅደስ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ የቆመ ድንጋይና በላዩ የተጋደመ ድንጋይ ነው። ልዩነቱ እነሱ በቢሙ ውስጥ የሚያስተኙት ፌሮ አልነበራቸውም።

ድንጋይ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። በሁለት ዓምድ ላይ የተጋደመ ድንጋይ ሸክም ሲያርፍበት የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ስለዚህ መሐል ላይ ስንጥቁ የሚጀምረው ከታች ነው። እኛም አርማታ ስንሞላ በቢሙ መሐለኛ ክፍል ወፍራሙን ፌሮ ከታች በኩል የምናስተኛው አርማታም እንደ ድንጋይ መሳብ ስለማይችል ነው። ፌሮ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ዓምዶቹን ያቀራርባል። አቴና ከተማ አክሮፖሊስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን እንውሰድ፤ ከአንዱ ዓምድ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 4.3 ሜትር ገደማ ነው። የዓምዱ የግርጌ ውፍረት ራሱ 1.9 ሜትር ስለሆነ በመሐል ለሰው ማለፊያ የሚቀረው 2.4 ሜትር ብቻ ነው። ቤተ መቅደሱ ዙሪያውን በ46 ዓምድ የተከበበበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህንን ያለ ፕሮጀክተር በጠመኔ ማሳየት ይችላሉ። ሁለት መጻሕፍት አራርቀው ያስቀምጡና አንድ ሙሉ ጠመኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ያጋድሙ። መሐሉ ላይ በክር ትንሽ ፌስታል ያንጠልጥሉና ጠጠር አንድ በአንድ ይጨምሩበት። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ስንት ጠጠር እንደያዘ ይመዝግቡ። ከዚያ መጻሕፍቱን አቀራርበው በሌላ ጠመኔ ይድገሙት፤ የሚችለው ጠጠር ይጨምራል። በመጨረሻ ሌላ ጠመኔ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ አንድ ልጅ እንዳይወድቅ ዳርና ዳሩን እየደገፈ፣ ከላዩ ደብተር ይደራርቡበት። ተጋድሞ በጥቂት ጠጠር የተሰበረው ጠመኔ ቆሞ ምን ያህል እንደሚሸከም ሲያዩ «ለምን ተጠጋጉ?» የሚለውን ራሳቸው ይመልሱልዎታል።

የንድፍ ተማሪ

ኢንጂነር ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ከዓምዱ ልቀጥል። ኪነ ሕንፃ ነው የማጠናው።

ልጆቹ የፓርተኖን ዓምድ አንድ ወጥ ድንጋይ ሊመስላቸው ይችላል። አይደለም። ከአቴና ወጣ ብሎ ካለው የፔንዴሊ ተራራ የተፈለጡ ክብ እብነ በረዶች ናቸው፤ ለአንድ ዓምድ ከአሥር በላይ ይደረደራሉ፣ ቁመቱም 10.4 ሜትር ይደርሳል። በየክቡ ድንጋይ መሐል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ፈልፍለው የእንጨት መሰኪያ ከተው ድንጋዩን በድንጋዩ ላይ ያማክላሉ። ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙበትን የዳር ቀለበት በጥንቃቄ ያለሰልሱታል፤ ወደ ውስጥ ያለውን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ይተዉታል። ግጥሚያው ከመጥበቁ የተነሳ አየርም ውኃም ሳይገባው ቀርቶ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ጥገና ሲደረግ እንጨቱ ሳይበሰብስ ተገኝቷል። ለእኔ ከሐውልቶቹ ሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ማንም ሊያየው በማይችል ቦታ ላይ እንዲህ መጠንቀቅ።

በዓምዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ቦዮችም የተቀረጹት ዓምዱ ከቆመ በኋላ ነው፤ ቀድመው ቢቀረጹ ሲጓጓዙ ጠርዛቸው ይሸራረፍ ነበር። ሲሲሊ ውስጥ ሴጄስታ የሚባል ቦታ ሳይጠናቀቅ የቀረ ቤተ መቅደስ አለ። ዓምዶቹ ቦይ የላቸውም፤ በደረጃዎቹ ላይም ድንጋዩ ሲነሳ ገመድ ይያዝባቸው የነበሩ ጉጦች እስካሁን አሉ። ፎቶውን በስልክዎ አውርደው ቢያዟዙሩላቸው፣ ሥራ ላይ ያለ ሳይት እንዳዩ ይቆጠራል።

ብረት ጨርሶ አያውቁም ማለት ግን አይደለም። ጎን ለጎን ያሉትን ድንጋዮች በብረት ማያያዣ ያሰሯቸው ነበር፤ ብረቱንም በእርሳስ አልብሰው ከዝገት ይጠብቁት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒኮላኦስ ባላኖስ የተባለው መሐንዲስ ሲጠግን ብረቱን ያለ እርሳስ ተጠቀመ። ብረቱ ዛገ፣ አበጠ፣ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። አሁን ያሉት ጠጋኞች ያንን እያወጡ በቲታኒየም ይተኩታል።

ፌሮና አርማታ

ስለ ዝገቱ የጻፍከው ግሩም ነው። ሽፋኑ የሳሳ አርማታ ውስጥ ፌሮ ሲዝግ የሚሆነው ያው ነው፤ ብረቱ ያብጥና አርማታውን ገፍቶ ያፈነዳዋል። እያንዳንዱ ፎርማን ይህንን ታሪክ ማወቅ ነበረበት።

ሒሳብ ወዳድ

መምህር፣ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተቀናጅተው ቢያስተምሩትስ? ፓርተኖን በወርቃማው ምጥጥን፣ በ1.618 እንደተሠራ ብዙ ቦታ ተጽፏል። ልጆቹ ፎቶው ላይ እየለኩ ያረጋግጡት።

የንድፍ ተማሪ

መቀናጀቱ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ በወርቃማው ምጥጥን ግን አልስማማም። ግንበኞቹ በእሱ እንደተጠቀሙ የሚመሰክር የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ፎቶ ላይ አራት ማዕዘን እየሳሉ መለካት ደግሞ ከየት ተነስተህ የት እንደምታቆም አንተው የምትወስነው ስለሆነ የፈለግኸውን ቁጥር ይሰጥሃል።

በልኬት የሚገኘው 4 ለ 9 ነው። ቤተ መቅደሱ የቆመበት የድንጋይ መድረክ ወርዱ 30.88 ሜትር፣ ርዝመቱ 69.5 ሜትር ነው። ልጆቹ ያካፍሉት፤ 0.444 ይወጣል፣ 4 ሲካፈል ለ9 ማለት ነው። ኢንጂነር የጠቀሱትን የዓምድ ውፍረት በዓምዶቹ መሐል ለመሐል ርቀት ያካፍሉት፤ እዚያው አካባቢ ያርፋል። ትልቁም ትንሹም በአንድ ልክ መሠራቱን በራሳቸው ስሌት ካገኙት አይረሱትም።

ሌላም አለ። 69.5 ሜትር ማለት የኳስ ሜዳ ወርድ ያህል ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ሜዳ ካለ ማዕዘኖቹ ላይ አራት ልጆች ያቁሙና የፓርተኖንን ልክ በገመድ ያውጡት። ከዚያ በዚህ ሁሉ ርዝመት የመድረኩ መሐል ከጫፎቹ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደተሠራ ይንገሯቸው፤ በአጭሩ ጎን ደግሞ 6 ሳንቲሜትር ገደማ። ዓምዶቹም በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ወገባቸውም ትንሽ ወፈር ይላል። ሮማዊው የኪነ ሕንፃ ጸሐፊ ቪትሩቪየስ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መድረኩ ፍጹም ቀጥ ያለ ቢሆን ለዓይን የጎደጎደ ይመስል ነበር ይላል። ለዝናብ ውኃ መውረጃ ነው የሚሉም አሉ። ልጆቹ ሁለት ቡድን ሆነው ይከራከሩበት፤ ምሁራኑም ገና አልጨረሱትም።

የዓምዱን ወገብ እንዴት እንደሚነድፉትም እናውቃለን። በ1979 ሎታር ሃዘልበርገር የተባለ ተመራማሪ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለው የዲዲማ አፖሎ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በቀጭኑ የተጫሩ የንድፍ መስመሮች አገኘ። ወርዱ በትክክለኛ ልኩ ነው፣ ቁመቱ ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ተጨምቋል፤ በዚህ ዘዴ አንድ የቅስት መስመር ብቻ ስበው የየከፍታውን ውፍረት ያነቡ ነበር። ወረቀት በሌለበት ግድግዳው ራሱ የንድፍ ሰሌዳ ሆኖላቸው ነበር።

የላስታ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ላሊበላና አክሱም እያሉን ልጆቻችንን በግሪክ ዓምድ ማድከም ለምን አስፈለገ? ስለ ራሳቸው ቅርስ ሳያውቁ ስለ አቴና እንዲያውቁ ማድረግ ያሳዝነኛል።

የታሪክ መምህር ከደሴ

ወንድሜ፣ ቁጭትህን እጋራለሁ። ግን አንዱን ለማስተማር ሌላውን መተው ያለብን አይመስለኝም፤ እንዲያውም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱም ይበልጥ ይታያሉ።

አንድ ነገር ላሳይህ። በዶሪክ ቤተ መቅደስ ላይ ከዓምዶቹ በላይ ሦስት ሦስት ቀጥ ያለ መስመር ያላቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች በየተራ ይሰለፋሉ፤ ትሪግሊፍ ይባላሉ። ቪትሩቪየስ እንደሚለው እነዚህ የጥንቱ የእንጨት ቤት የወራጅ ጫፎች ትዝታ ናቸው፤ ግንባታው ወደ ድንጋይ ሲዛወር የእንጨቱ መልክ በድንጋይ ተቀርጾ ቀረ። አሁን ደግሞ የአክሱምን ሐውልት አስብ። በር አለው፣ የፎቅ መስኮት አለው፣ በየፎቁ መሐልም የጦጣ ራስ የምንለው ክብ የእንጨት ጫፍ ተሰልፏል፤ ሁሉም ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተቀረጸ። እውነተኛው እንጨት እንዴት እንደሚገባ ለማየት ደብረ ዳሞ ያለውን ቤተ ክርስቲያን መመልከት ይበቃል። ሁለት ሕዝብ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ፣ የእንጨት ቤቱን መልክ ለድንጋይ አወረሰው። ይህንን ለተማሪ ስታሳየው የአክሱሙም የአቴናውም ጠቢብ ምን ሲያስብ እንደነበር ይገባዋል።

አክሱምና የግሪክ ዓለም አይተዋወቁም ነበር ማለቴም አይደለም። ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግእዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይሆን በግሪክም አስቀርጿል።

የላስታ ልጅ

ይህ አቀራረብ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ቤተ መድኃኔ ዓለምንም ጨምርበት። ዙሪያውን በዓምድ የተከበበ ስለሆነ ቱሪስቶች ሲያዩት የግሪክ ቤተ መቅደስ ነው የሚመስላቸው። ተማሪዎችህ ግን የተሸካሚነት ትምህርቱን ከተማሩ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩት፤ እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነስቶ አልተጫነም፣ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ዓምዱም ጣሪያውም ከአንድ ዓለት ወጡ። የሚያነሳ ሰው፣ የሚገጥም መሰኪያ የለም።

ከአቴና

እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት ዕረፍት ሲኖረን ከእህቶቼ ጋር ወደ አክሮፖሊስ ግርጌ ወጣ እንላለን። መምህር፣ ለልጆቹ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ።

የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። መጽሐፍ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ድሮ ግን ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወርቅ የተቀባ ነበር። ዛሬ ደግሞ ነጭም አይደለም፤ የፔንዴሊ እብነ በረድ ውስጡ ጥቂት ብረት ስላለበት በዘመን ብዛት ማር መስሏል። አዲስ የተተከለው ድንጋይ ነጭ ስለሆነ የቱ ጥንታዊ፣ የቱ ጥገና እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም ላይ ከወጣችሁ ደግሞ የመጨረሻው ፎቅ በመስታወት የተከበበ ነው፣ አቅጣጫውም ከፓርተኖን ጋር እኩል ተደርጓል። በአንድ ግድግዳ ላይ ማር የመሰለው እውነተኛው ቅርጽ አለ፣ ከጎኑ ድርቅ ያለ ነጭ የጀሶ ቅጂ አለ። ነጩ ሁሉ እውነተኛው ሌላ አገር ያለ ነው፤ አብዛኛው ሎንዶን። የብሪታንያ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጅን ከ1801 ጀምሮ አስነቅሎ የወሰደውን የብሪታንያ መንግሥት በ1816 ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠው። የአክሱም ሐውልት ከሮም እስኪመለስ ለጠበቀ ሕዝብ ይህን ግድግዳ ማስረዳት ከባድ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ግሪኮች ራሳቸው ይህን መልክ ያስመለሱት ከውጭ መሆኑ ነው። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ንጉሥ ኦቶ ከባቫሪያ ነው የመጣው፤ አቴናም በ1834 ዋና ከተማ ሆነች። መሐል ከተማ ጎን ለጎን የቆሙት አካዳሚው፣ ዩኒቨርሲቲውና ቤተ መጻሕፍቱ ንድፋቸው የሁለት ዴንማርካውያን ወንድማማቾች ነው፣ የክርስቲያንና የቴዎፊል ሃንሰን። አካዳሚው የዓምድ ራሱ በወርቅና በቀለም ስለተዋበ፣ የጥንቱ ቤተ መቅደስ ተቀብቶ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት እሱን ማየት ይረዳል። ቴዎፊል ከዚህ ሄዶ ቪየና ውስጥ የኦስትሪያን ፓርላማ በዚሁ መልክ ሠራ። እና መልኩ ከግሪክ ወጥቶ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዞሮ፣ ተመልሶ መጥቶ፣ እንደገና ሄደ።

የዲሲ እናት

እህቴ፣ ተባረኪ፤ ስለ ቀለሙ ለልጆቼ ዛሬውኑ ነው የምነግራቸው።

እኛ ዋሽንግተን አካባቢ ነን። ለመምህር ጥያቄ የሊንከን መታሰቢያ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። በ1922 ነው የተመረቀው፣ ነዳፊው ሄንሪ ቤከን ነው። ዙሪያውን 36 የዶሪክ ዓምዶች አሉት፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሲሞት የነበሩትን 36 ክፍላተ ሀገር ይወክላሉ። ከፓርተኖን ፎቶ ጎን አስቀምጠው «ምን ተቀየረ?» ብለው ይጠይቋቸው። ሁለት ትልልቅ ነገሮች ያገኛሉ። የግሪኩ መግቢያ በአጭሩ ጎን ነው፣ እዚህ ግን በረጅሙ ጎን ይገባል። የግሪኩ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር አለው፣ ይኼኛው የለውም፤ ከላይ ጠፍጣፋ ነው። ውስጥ የተቀመጠውም አምላክ ሳይሆን ሰው ነው፤ ያውም በወንበር ላይ ደክሞት የተቀመጠ የሚመስል።

ልጄ አንድ ጊዜ «ባሪያ ነፃ ያወጣ ሰው የተቀመጠበት ቤትና የባሪያ አሳዳሪዎቹ ቤት ለምን አንድ ዓይነት ዓምድ አላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደቡብ በኩል ስንሄድ የጥጥ እርሻ ጌቶች የነበሩባቸውን ትልልቅ ቤቶች አይታ ነው። እውነቷን ነው። በ1820ዎቹ የግሪክ የነፃነት ጦርነት የአሜሪካንን ሕዝብ ልብ ነክቶ ስለነበር ባንኩም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ባለ እርሻውም የግሪክ ዓምድ አቆመ። ፊላደልፊያ ያለው የሁለተኛው የአሜሪካ ባንክ ሕንፃ በ1824 ሲያልቅ ፊቱ የፓርተኖን ቅጂ ነበር። ባንኩ «ገንዘባችሁ እኔ ዘንድ አይነቃነቅም» ማለቱ ነው፤ የእርሻው ጌታ ደግሞ «ሥልጣኔ እኔ ነኝ» ማለቱ። በሊንከኑ ደረጃ ላይ ግን ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በ1939 ዘመረች፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ለጥቁሮች ያ ቦታ ሌላ ትርጉም አለው።

የታሪክ መምህር ከደሴ

የልጅሽ ጥያቄ የክፍሌ ዋና ጥያቄ እንዲሆን ፍቀጂልኝ። በጥንቷ አቴናም ያው ጥያቄ አለ። ፓርተኖን ከ447 እስከ 432 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሠራ ፔሪክለስ የአቴናን ዲሞክራሲ ይመራ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በከፊል የአጋር ከተሞች ግብር ነው። የአጋሮቹ ግምጃ ቤት ቀደም ብሎ በ454 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴና ተወስዶ ነበር፤ ፋርስን ለመከላከል የተዋጣ ገንዘብ ለቤተ መቅደስ ዋለ። በከተማዋ ውስጥም የተቃወሙ ነበሩ።

ሠራተኞቹን በተመለከተ ከጎኑ ያለው ኤሬክቴዮን የሚባለው ቤተ መቅደስ የተሠራበት የሒሳብ መዝገብ በድንጋይ ተቀርጾ ቀርቶልናል። በመዝገቡ ላይ ዜጎች፣ መጤ ነዋሪዎችና ባሮች በአንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ዜጋውም ባሪያውም በቀን አንድ ድራክማ ይታሰብለታል። ባሪያው ያገኘው ድራክማ በማን እጅ እንደሚገባ ተማሪዎቼ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። ይህንን ሳያነሱ «ግሪክ የዲሞክራሲ እናት» ብቻ ብሎ ማለፍ ለልጆቹ ግማሹን መደበቅ ነው።

ከበርሊን

የጀርመኑንም ልጨምር። እዚህ ከተማ ሁሉም የሚያውቀው የብራንደንቡርግ በር ከ1788 እስከ 1791 ነው የተሠራው፤ ነዳፊው ላንግሃንስ መነሻ ያደረገው የአክሮፖሊስን መግቢያ፣ ፕሮፒላያን ነው። ናዚዎችም በዓምድ ተጠቅመዋል፤ ሙኒክ ውስጥ በ1937 የከፈቱት የሥነ ጥበብ ቤት ፊቱን በረጅሙ በዓምድ የተደረደረ ነው። ስለዚህ ዓምድ ያየ ሁሉ ዲሞክራሲ አየሁ እንዳይል።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የግሪኩን ትምህርት የያዘው ምንም የግሪክ ጌጥ የሌለው ሕንፃ ነው። ሚስ ፋን ደር ሮ የተባለው አርክቴክት የነደፈው አዲሱ ብሔራዊ ጋለሪ፣ 1968። ሰፊ መድረክ፣ በላዩ ስምንት የብረት ዓምዶች፣ በእነሱ ላይ በየጎኑ 65 ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ የብረት ጣሪያ፣ ከሥሩ መስታወት። አራቱም ማዕዘን ላይ ዓምድ የለም! ብረት መሳብን ስለሚችል 46 ዓምድ ያስፈለገው በስምንት አለቀ። ከኢንጂነሩ የጠመኔ ሙከራ በኋላ ይህን ፎቶ ቢያሳዩ ጥሩ ይሆናል፣ መምህር።

የሐዋሳ መምህርት

ሐሳቡ ሁሉ ግሩም ነው፤ ግን ፈተናው ስሞቹን መጠየቁ አይቀርም። እኔ ከክፍሌ ያየሁትን ልንገርህ፤ ስም ከማስጠናት ልዩነት ማስፈለግ ይሻላል። ዶሪክ ከሥሩ መሠረት ድንጋይ የለውም፣ በቀጥታ መድረኩ ላይ ይቆማል፣ ቦዮቹም 20 ናቸው። አዮኒክ መሠረት አለው፣ ቀጠን ይላል፣ ቦዮቹ 24 ናቸው፣ ራሱ እንደ በግ ቀንድ ተጠምዝዟል። ኮሪንቲያን ራሱ ላይ የአካንተስ ቅጠል አለው፤ አቴና ያለው የሊሲክራተስ መታሰቢያ፣ 334 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ከሕንፃ ውጭ ፊት ላይ ከዋሉት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከዚያ «ፓርተኖን የትኛው ነው?» በላቸው። ዶሪክ ይሉሃል። የውስጠኛው ግድግዳ አናት ላይ ግን 160 ሜትር የሚዞር የአዮኒክ ዓይነት ቅርጽ እንዳለ ንገራቸው። የፓርተኖን ነዳፊዎች ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ሁለቱን ያደባለቁት እኛ ለፈተና ስንል በሳጥን ከፋፍለን ከማስቀመጣችን በፊት ነው።

የታሪክ መምህር ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንዲህ አሰብኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠመኔውና የግቢው ገመድ፣ ከአክሱምና ከላሊበላ ጋር። ሁለተኛው ፎቶዎቹ፦ ፓርተኖን፣ ባንኩ፣ ሊንከን፣ ሙኒክ፣ በርሊን፤ እያንዳንዱ ቡድን «ያሠራው ሰው ምን ሊል ፈልጎ ነው?» የሚለውን በጽሑፍ ይመልሳል። ስሞቹን የሐዋሳዋን እህቴን መንገድ ይዤ በመሐል አስገባቸዋለሁ።

የቤት ሥራ ልሰጣቸው ያሰብኩት ደግሞ ከሰፈራቸው ነው። አሁን በየከተማችን ቪላውም፣ ሆቴሉም፣ የሠርግ አዳራሹም በረንዳው ላይ የጀሶ ዓምድ ያቆማል። አንድ ዓምድ መርጠው ተሸካሚ ይሁን ጌጥ እንዲለዩ፣ ባለቤቱንም ለምን እንደመረጠው እንዲጠይቁ። ኢንጂነር፣ ልጆች ያለ አደጋ እንዴት ይለዩት?

ፌሮና አርማታ

ቀላል ነው፣ መምህር። መጀመሪያ ቀና ብለው ከዓምዱ በላይ ምን እንዳረፈ ይዩ፤ ቢም ወይም ሶሌታ ካለበት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፣ ጠርዝ ላይ ብቻውን ከቆመና ከላዩ ጌጥ እንጂ ሌላ ከሌለ አይደለም። ቀጥሎ በጣታቸው አንኳኩ ይበሏቸው፤ ጀሶው ባዶ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል፣ አርማታ ከሆነ ደንቆሮ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፤ ውስጡ አራት ማዕዘን የአርማታ ኮለን ነው፣ ዙሪያውን ቦይ ያለው የጀሶ ቅርፊት ለብሷል። በሁለቱ ቅርፊት መጋጠሚያ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ይፈልጉ፤ እሱን ካገኙ ቅርፊት ነው። ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ግን ያለ ሄልሜትና ያለ ፎርማኑ ፈቃድ እንዳይገቡ፤ ግንባታ ላይ ያለ ቤት ማየት ከፈለጉ እኔ የማውቀው ሰው እዚያው ደሴ አለና በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ አስጎብኟቸው ብዬ እነግረዋለሁ።